አባባን ቀድሞ ያየው

አፌ ጥሩ ሆኖ አያውቅም። እናቴ በልጅነቴ «አንቺን ስወልድ መጀመሪያ የወጣው ምላስሽ ነው» ትለኝ ነበር፤ መንደሩም ይመሰክራል። ገበያ ላይ ዕቃዬን አሽትቶ ፊቱን ያጨፈገገብኝ ሰው ሁለተኛ በዚያ በኩል አያልፍም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ «ምስኪን እናት» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው። ሐዘኔታችሁን ለሌላ ሰው አስቀምጡት።

ሉዋ እባላለሁ። ቤቴ ከኩይ ኞን ከተማ በስተሰሜን ያለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ውስጥ ነው። ትንንሽ ዓሣ ከጨው ጋር እየደረብኩ በጋን እጠቀጥቅና፣ ዓመት ሲሞላው ጭማቂውን አጥልዬ እሸጣለሁ። ባሌ ቶአን ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ የኖረ፣ አንድ ቃል ለማውጣት ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ሰው ነው። ያለን አንድ ልጅ፣ ካንግ ብቻ ነበር። ካንግ ከጎረቤት መንደር ዲየም የምትባል ልጅ አግብቶ፣ ሁለቱም ከእኛው ጋር ይኖሩ ነበር።

ፎቁ ላይ አንዲት ትርፍ ክፍል ነበረችን። ፈረንጁ የመጣው እሷን ሊከራይ ነው። አስገር ይባላል፣ የዴንማርክ ሰው ነው፤ ዕድሜውን የመርከብ ሞተር ሲጠግን የኖረ፣ አምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው። «ለአንድ ወር» አለኝ። ዐሥራ አምስት ወር ተቀመጠ።

የመጀመሪያው ሳምንት አይጣል ነበር። ፀሐይ አንገቱን ላጠችው። የጋኖቼ ሽታ ሲያስቸግረው መስኮት ይከፍታል፤ ሽታው የሚገባው በዚያው በመስኮት መሆኑን ማን ይንገረው። አንድ ቀን መብያ እንጨቶቹን፣ ለሙት በሚቀርብ ሩዝ ላይ እንደምናደርገው፣ የሩዝ ሳህኑ ላይ ቀጥ አድርጎ ተክሎ ሲነሳ፣ «የማንን ተዝካር ነው የምታወጣው?» ብዬ ጮህኩበት። ካንግ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ነገሩ ሳይገባው አብሮ ሳቀ፤ ያን ጊዜ ነው ትንሽ የወደድኩት።

ኋላ ግን ለመደ። ጠዋት ጠዋት ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጢጥ ብሎ መረብ ይጠግናል። ጣቶቹ በብሎን የተገሩ ስለሆኑ ለቋጠሮም አልሰነፉም። የማንም ጀልባ ሞተር ካሳለ «አስን ጥሩት» ነው፤ ሙሉ ስሙ ለአፋችን ስላልተመቸ እንዲያ ነበር የምንጠራው። ሠርግ ሲጠራ የስጦታ ገንዘቡን በፖስታ ይዞ ይሄዳል። ለቅሶ ሲሆን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ቀድሞ ይደርሳል፤ ደግሞም ቀብሩ እስኪያልቅ ንቅንቅ አይልም። ገበያተኛው «የሉዋ ፈረንጅ» ነበር የሚለው።

«ፈረንጅሽ ትናንት ሸርጣን ላይ ተከራክሮ ረታኝ፤ ምን እያበላሽ ነው የምታሳድጊው?» አለችኝ አንድ ቀን ዓሣ ሻጯ ኑንግ።

«ሦስት እግር የቀረው ሸርጣን ልትሸጪለት ስለሞከርሽ ነው» አልኳት። እኮራበት ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

«ሀገርህ ሰው የለህም ወይ?» ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ። «እዚያ ብሞት ጎረቤቶቼ የሚያውቁት የፖስታ ሳጥኔ ሲሞላ ነው» አለኝ። «እዚህስ?» ስለው «እዚህማ ሳስነጥስ እንኳ በማግስቱ ገበያው ሁሉ ይማርህ ይለኛል» ብሎ ሳቀ። እኔን እትዬ እያለ ነው የሚጠራኝ፣ ባሌን ጋሼ። ዲየም ስታረግዝ ከእኛ ቀጥሎ የሰማው እሱ ነበር።

ከሁሉ በላይ የተማረው ግን በሰው ቤት ያየኸውን እዚያው ጥለኸው እንደምትወጣ ነው። አንድ ማለዳ ቶአን መረቡን ባዶ ይዞ ገብቶ ከጋኖቹ ኋላ ተቀምጦ ሲያለቅስ አስ አየው። ጫማውን አውልቆ፣ ደረጃው እንዳይንቋቋ በጥንቃቄ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ አላለም።

ቶአን ቢያለቅስ አይፈረድበትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ባሕሩ ፊቱን አዙሮበት ነበር። ሌላው ሞልቶ ሲገባ እኛ ለድመት የማይበቃ ይዘን እንገባለን። አብረውት የሚወጡት ሰዎች አንድ በአንድ ሰበብ እየፈጠሩ ተለዩት። አሸዋው ላይ መረባችንን ስናሰጣ ጎረቤቶቻችን የእነሱን ሰብስበው ፈቀቅ ያደርጋሉ፤ መጥፎ ዕድል ይጋባል ብለው ነው። «ሉዋ፣ ምን አድርጋችሁ ነው?» ይሉኛል ሴቶቹ፣ ለአዘኔታ ይሁን ለሐሜት ሳይለይ። እኔ መሰደብ እችላለሁ፤ መታዘን ግን አልችልም።

እንግዲህ አባባ የወጡት በዚህ መካከል ነው።

ዓሣ ነባሪን እኛ ዓሣ አንለውም። አባባ ነው የምንላቸው። ጀልባ ሲገለበጥ በጀርባቸው ሰው ተሸክመው የሚያወጡ እሳቸው ናቸው። ሲያርፉ መንደሩ ሁሉ ያለቅሳል፣ እንደ ሰው ይቀበራሉ፤ ሦስት ዓመት ሲሞላ ደግሞ አጥንታቸው ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ቤተ መቅደሳቸው ይገባል። ሬሳቸውን ቀድሞ ያየ ሰው የበኩር ልጃቸው ይሆናል። ነጭ የሐዘን ሻሽ ያስራል፣ ቀብራቸውን ይመራል፣ መቶ ቀን ጀልባ ላይ አይወጣም፣ በሦስተኛው ዓመት አጥንታቸውን በገዛ እጁ ያጥባል። የበኩር ልጅ ቤት ይባረካል፣ ይጠበቃል። በሕይወቴ ይህ ዕጣ የወደቀላቸውን ሁለት ሰዎች ነው የማውቀው። ሁለቱም ጠግበው ነው የሞቱት።

የዝናቡ ወራት ሊገባ ሲል ነው፤ ገና እየነጋጋ ነበር። አስ በሬን አንኳኳ። እስከ ወገቡ ርሷል።

«እትዬ፣ አባባ» አለኝ። «ከድንጋዮቹ ወዲያ፣ አሸዋው ላይ። ስደርስ በሕይወት ነበሩ። በባርኔጣዬ ውሃ እያመላለስኩ አፈሰስኩላቸው። ዓይናቸው ያየኝ ነበር። አሁን አረፉ።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። መጀመሪያ ወዳንቺ ነው የመጣሁት።»

ወዳንቺ ነው የመጣሁት አለ። እንደ ዘመድ፣ እንደ ታናሽ ወንድም። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ያየሁት ቶአንን ነጭ ሻሽ አስሮ ነው፤ ኑንግ ስታልፍ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ስትለን ነው። ምን አለፋችሁ፣ ሐሳቡ ሳይጠራኝ መጣ፤ እኔም አልመለስኩትም።

«ወጥተህ ልብስህን ቀይር፣ ተኛ» አልኩት። «ዛሬ አንተ ምንም አላየህም።»

«ለምን?»

«የበኩር ልጅ የሚያየው ነው። ቶአን ይሁን። ለእኛ ስትል።»

ገባው። ዓመት ያህል አብሮን የከረመ ሰው ነው፣ እንዴት አይገባው። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ወደቀ፤ እንደሚፈልገው ያኔ ነው ያወቅኩት። እሱ ሰው የሌለው ሰው ነው። አባት ሊያገኝ ነበር፣ መንደር ሊያገኝ ነበር። እኔ ደግሞ ለፈረንጅ ይህ ምኑ ነው ብዬ ነበር።

«እሺ እትዬ» አለኝ መጨረሻ ላይ። «ግን ብቻቸውን እንዳልሞቱ ንገሪያቸው።»

አልነገርኩም። ምን ብዬ እነግራለሁ?

ቶአንን ቀሰቀስኩት። አልጋው ላይ ተቀምጦ ሰማኝና «ያየው እሱ ነው» አለ።

«እሱ ፈረንጅ ነው! ነገ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይሄዳል። በሦስተኛው ዓመት አጥንታቸውን ማን ያጥባል? ከዴንማርክ ይመጣል?»

«ያየው ግን እሱ ነው።»

«ሁለት ዓመት ስትዋረድ ያየሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ተነስና ሱሪህን ልበስ።»

ተነሳ። ቶአን ለባሕር እንጂ ለእኔ ጉልበት ኖሮት አያውቅም።

ከበሮ ተመታ፤ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የቤተ መቅደሱ አለቃ ሽማግሌው ቹክ ከዘራቸውን ተደግፈው «ቀድሞ ያየ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ቶአን አሸዋውን ያያል። «ባሌ ነው» አልኩ እኔ። ሻሹን ቤት ረስተነው ስለነበር፣ ዲየም እንድታመጣው ሰው ላክሁባት። እርጉዝ ሴት ወደ አባባ ሬሳ አትቀርብም፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ሌላ እጅ አልነበረኝም፣ ሆዷም ገና አልታየም፣ ሬሳቸውን ለመከለል ከተወጠረው ገመድ ወዲህም ቆማ ነው ያቀበለችኝ። ቶአን ሻሹ ሲታሰርለት አለቀሰ። ሰው ሁሉ ለአባባ ነው ብሎ አደነቀው። አስ ከኋላ፣ ከመረብ ጠጋኞቹ ጋር ቆሞ አብሮ ራሱን ዝቅ አደረገ።

በዚያው ቀን ማምሻውን ከድተውን የነበሩ ሁለት አጥማጆች ደጃችን መጡ። «ጋሽ ቶአን መውጣት ባይችሉም ጀልባው ይችላል» አሉ። «የበኩር ልጅ ጀልባ ቆሞ አይከርምም።»

ካንግ «እኔ እመራዋለሁ» አለ።

«አንተ ሞተር ነው የምታውቀው» አለው አባቱ። «ባሕር አታውቅም። መቶ ቀን ይቆይ።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ምን ነበረበት? ግን አፌ ነው። «መቶ ቀን ማለት ወቅቱ አለቀ ማለት ነው» አልኩ። «ደግሞ ምን ይሆናል? አባባ የልጃቸውን ቤት ይጠብቃሉ።» እንዲያው ላታልላቸው አልነበረም። አምኜ ነው። ከሰው የሰረቅሁትን በረከት የራሴ ነው ብዬ አምኜ፣ ልጄን በእሱ ላይ አሳፈርኩት። ፈረንጅ ይህን ስሕተት አይሠራም። እንዲህ ያለው ስሕተት ለእኛ ለምናምነው የተተወ ነው።

ሁለት ጊዜ ወጡ፣ ሁለት ጊዜ ሞልተው ገቡ። ኑንግ ቀድማኝ ሰላም አለችኝ። በሦስተኛው ጉዞ፣ አባባ በተቀበሩ በአርባ ሦስተኛው ቀን፣ ነፋሱ ከሰሜን ተነሳ። ሌሎቹ ጀልባዎች ሰማዩን አይተው ቀደም ብለው ገብተው ነበር። የእኛ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሌላ ጀልባ ተጎትቶ መጣ። ሁለቱ አጥማጆች ነበሩበት። ካንግ አልነበረም።

«መረቡ የሞተሩ መዘውር ላይ ተጠመጠመ» አለን አንደኛው፣ ቶአንን ቀና ብሎ ሳያይ። «ሞተሩ ቆመ። ካንግ የተጠመጠመውን ብቻ ቆርጦ ሊያስለቅቅ ቢላ ይዞ ውሃ ውስጥ ገባ። አትግባ ብለነው ነበር። ማዕበሉ አንድ ጊዜ አነሳው፤ ከዚያ አላየነውም።»

ቶአን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «መረቡን ከጀልባው ላይ ቆርጣችሁ መልሕቅ አልጣላችሁም?»

«መረቡ አዲስ ነው፣ እናቴ ትገድለኛለች አለ» አለ ሰውየው።

ባሌ ቢሆን ኖሮ መረቡን ይቆርጠው ነበር። ባሌ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ ያን ሰማይ አይቶ ይመለስ ነበር። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ እሱ ያውቃል፣ ፎቅ ላይ ያለው ሰውም ያውቃል።

ሬሳው ሲጠፋ የእኛ ሰው ባዶ መቃብር አይቆፍርም። ከጭቃ የሰው ምስል ይሠራል፣ የዛፍ ቀንበጥ አጥንት ይሆንለታል፣ የሟቹን ልብስ ለብሶ ይቀበራል። ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ አስ ነበር። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ አንድ ጊዜም ቀና ብሎ ሳያየኝ ቆፈረ። ጭቃውን የካንግን ሰማያዊ ሹራብ ያለበስኩት እኔ ነኝ። እጅጌው አልገባ ብሎኝ ክንዱን ሰበርኩት፤ እንደገና ተሠራ። ዲየም አጠገቤ ሆዷን ይዛ ቆማለች። «እማ፣ በርትቼ ላልቅስ ወይስ ልጁ ይሰማል?» አለችኝ። እጅጌውን ጎትቼ አስተካከልኩ።

ከዚያ ሹክሹክታው ጀመረ። የበኩር ልጅ ቤት ይጠበቃል ከተባለ፣ ለምን አልተጠበቀም? ዓሣ አጥማጅ ምክንያቱን ያላወቀው ሞት እንቅልፍ አይሰጠውም፤ ነገ የሚወጣው እሱ ነውና። መጀመሪያ ቶአን በሐዘኑ ጊዜ ሥጋ በልቶ ይሆናል አሉ። ቀጥሎ እኔን አሙኝ። ኋላ ግን አንዷ አስታወሰች፤ ሻሹን ያመጣችው ማን ነበረች?

መቶኛው ቀን ሊደርስ ሲል አስ ጋኖቹ ጋ መጣ። ጨው እያነጠፍኩ ነበር።

«ኑንግ በልጅቱ ላይ የምታወራውን ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። ገበያ ነው፣ ያልፋል።»

«አያልፍም። ቤተ መቅደስ ሊጠሯት ነው። እትዬ፣ ንገሪያቸው። የሻሹ ጥፋት አይደለም። ሻሹ ከመጀመሪያውም የጋሼ አልነበረም።»

«ብነግራቸው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?» አልኩት። «ሻሹ ያንተ ቢሆን ኖሮ ቶአን ባሕር ላይ ነበር። ካንግ እዚህ ነበር። ይህን ልንገራቸው? ልጄን ማን እንደገደለው በአደባባይ ልናገር?»

«አዎ» አለ። «አንቺ ካልነገርሽ እኔ እናገራለሁ።»

«በሰው ቤት ያየኸውን ማውጣት ጀመርክ?»

«ልጅቱም የዚሁ ቤት ሰው ናት» አለኝ።

ለመንኩት። እኔ፣ በሕይወቴ ሰው ለምኜ የማላውቅ፣ ጨዋማ እጄን ጉልበቱ ላይ አድርጌ ለመንኩት። እጄን ቀስ ብሎ አነሳና ሄደ።

በመቶኛው ቀን የቤተ መቅደሱ ግቢ በሰው ሞላ። ምግቡ ቀረበ፣ ጸሎቱ ተደረሰ፤ ከዚያ ሽማግሌው ቹክ ተነሱ። «የተበላሸ ነገር አለ» አሉ። «ነገ ሃያ ጀልባ ይወጣል። ሳንደባበቅ እንነጋገር።»

«እኔ ሰው ማማት አልወድም» አለች ኑንግ፤ እንዲህ ስትል መጀመሯ ነው። «ግን የሦስት ወር ሆድ ይዛ አባባ ፊት የቆመች አለች። ዓይኔ ነው ያየው።»

ሰው ሁሉ ወደ ዲየም ዞረ። እሷ ወደ እኔ። «ከገመዱ ወዲህ ነበርኩ» አለች። «ደግሞ ተልኬ ነው። እማ ናት የላከችኝ።»

«ማንም ይላክሽ፣ አባባን ደፍረሻል» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። «ልጄ፣ አልፈርድብሽም። ግን አጥንታቸው እስኪወጣ ድረስ እዚህ መንደር አትቀመጪም። እናትሽ ጋ ትወልጃለሽ። ልጁም በቶአን አባቶች ፊት ስም አይወጣለትም።»

አስ ያኔ ተነሳ። እንደ መንደሩ ሰው እጆቹን ከፊቱ አጣምሮ ነው የተነሳው።

«አያ ቹክ፣ ልጅቱ ጥፋት የለባትም» አለ። «አባባን ቀድሜ ያየሁ እኔ ነኝ። ሲያርፉ አጠገባቸው ነበርኩ። ሻሹ የጋሽ ቶአን አይደለም። የተበላሸው ይህ ነው።»

አንድ ሕፃን ሲያለቅስ እናቱ አፉን ያዘችው።

«ቶአን» አሉ ሽማግሌው። «ምን ትላለህ?»

ቶአን ከተቀመጠበት ዞረ። እኔን አየኝ። ሠላሳ ዓመት እንደኖረው ሁሉ፣ ምን እንደሚል ከእኔ ሊሰማ ጠበቀ።

«አንቺስ ሉዋ?»

ሁሉንም አሰብኩት፤ ያላሰብኩት እንዳይመስላችሁ። እውነቱን ካወጣሁ ዲየም ትቀርልኛለች፣ የካንግ ልጅ ቤቴ ይወለዳል። ግን ጠዋት ጠዋት ሩዝ ስታቀርብልኝ ባሏን ማን እንደላከው እያወቀች ነው። ኑንግ ታውቃለች። ገበያው ያውቃል። ጋኖቼን አልፎ የሚሄድ ሁሉ ያውቃል። ይህን መሸከም አልችልም አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ግን ወለምታ አልነበረም፣ አስቤ የተናገርኩት ነው።

«ፎቅ ተኝቶ ነበር» አልኩ። «ቶአን ከተመለሰ በኋላ በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ይዋሻል።»

አስ አልተከራከረም። «እትዬ» አለ ብቻ፤ ከዚያ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበረው ሽማግሌ፣ ዓመት ሙሉ አብሮት መረብ የጠገነው፣ በርጩማውን አነሳና ፈቀቅ አለ። «በሙታን ይቀልዳል እንዴ» አለች አንዷ። «ፈረንጅ መቼም ፈረንጅ ነው» አለ ሌላው። አባባን ሊሰርቀን ነበር ተባለ። ዐሥራ አምስት ወር የገነባውን በአንዲት ቃል አፈረስኩት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ቆየ። ሞተር ያሳለበት ሰው አልጠራውም። ሻይ ቤት ሲገባ ሰዎቹ ካርታቸውን ሰብስበው ይነሳሉ። በአራተኛው ቀን ሻንጣውን ይዞ ከደረጃው ወረደ። እንዲሰድበኝ ጠብቄ ነበር፤ ምነው በሰደበኝ።

«ልጅቱን አትልቀቂያት» አለኝ።

«አውቶቡሱ ያመልጥሃል» አልኩት።

ዲየም በዚያው ሳምንት ሄደች። ወንድሟ በሞተር መጣና ልብሷን አሰረላት። በሩ ላይ ዞር ብላ «አስ እንደማይዋሽ እኔም አውቃለሁ» አለችኝ። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። የዚያን ዕለት እራት ላይ ቶአን መብያ እንጨቱን አስቀመጠና «መውጣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ካልሆነ አያናግረኝም።

ባሕሩ ግን ሰጠን። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ እኛ ጀልባ የሞላ የለም። እኛ ዘንድ ለመቀጠር ሰው ይጣላል። ባለፈው ወር የአባባ አጥንት ወጣ። ቶአን በሩዝ አረቄ አንድ በአንድ ሲያጥብ ዋለ፤ ሽማግሌው ቹክ «እንዲህ ያለ የበኩር ልጅ አይተን አናውቅም» ብለው በሕዝብ ፊት አመሰገኑት። እኔ ለሁለት መቶ ሰው ቀቀልኩ። ኑንግ ሽንኩርት ስትልጥልኝ ዋለች።

አጥንቱ ወጣ፣ ክልከላው አለቀ። ትናንት ዲየም መንደር ገበያ ሄድኩ። አትክልት ትሸጣለች። ከስታ አገኘኋት፤ ግን ቀና ብላ ነው የምትቀመጠው። አጠገቧ አንድ ልጅ ቁጢጥ ብሎ ጎመን ይደረድራል። ጆሮው የካንግ ነው፣ የተጣመመ ጥርሱ ሳይቀር የካንግ ነው። ቆምኩ። መናገር አቃተኝ፤ እኔን፣ ምላሴ ቀድሞኝ የተወለደውን።

ልጁ አየኝ። «እማ፣ ማናት?» አላት።

ዲየም አየችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ለስድብ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። እሷ ግን በረጋ ድምፅ «ማናት አይባልም፣ ማናቸው ነው የሚባለው» ብላ አረመችው። «የዓሣ ጭማቂ የሚሸጡ እማማ ናቸው። ሰላም በላቸው።»

ልጁ ተነሳ፣ እጆቹን አጣምሮ ጎንበስ አለልኝ። «ደኅና ዋሉ እማማ» አለኝ።

«ደኅና ዋል» አልኩት። በስሙ ልጠራው ፈልጌ ነበር፣ ግን አላውቀውም።